የሲቢ ሬዲዮን ከዓይን ሰውሮ መግጠም፦ የትኛው ሬዲዮ፣ የትኛው አንቴና?

የመጀመሪያውን ሲቢ ሬዲዮ (ከመኪና ወደ መኪና የምንነጋገርበትን የመገናኛ ሬዲዮ) ጂፕ ራንግለሬ ውስጥ ያስገባሁት ከዳሽቦርዱ ሥር ነበር። ከኮሎራዶዋ ኦሮራ እስከ ዩታዋ ሞአብ ያለውን የአምስት ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ባለቤቴ ጉልበቷን ከዚያ ጥቁር ሣጥን ጋር እያጋጨች ጨረሰችው። የማይክሮፎኑ ጥምዝምዝ ገመድ ማርሹ ዘንግ ላይ ይጠመጠማል። የመኪናው ጣሪያ ሸራ ስለሆነም ከተማ ውስጥ ባቆምኩት ቁጥር ልቤ አያርፍም ነበር። የፈራሁትም ደረሰ። አንድ ማለዳ ስወጣ የሸራው ዚፕ ተከፍቷል፤ የኃይል ሽቦው ተቆርጧል፤ ከሬዲዮው የቀረልኝ ማቀፊያ ብረቱና ሁለት ብሎኖች ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ በራሴ መኪናም፣ አብረውን ተራራ በሚወጡ ወዳጆቼ መኪኖችም ላይ ብዙ ሬዲዮ ገጥሜያለሁ። የማይታይ ሲቢ የትኛው እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ ሣጥኑን ደብቁ፣ ሽቦውን ደብቁ፣ አንቴናውን ግን ተዉት ይታይ። ገንዘባቸው ሲባክን ያየኋቸው ሰዎች አብዛኞቹ ነገሩን ገልብጠውት ነው። ሣጥኑን ሁሉ በሚያየው ቦታ አንጠልጥለው፣ አንቴናው እንዳይታይባቸው ሲሉ ስንዝር የምታህል ዘንግ ይገዛሉ። ከዚያም ከፊታቸው ያለው መኪና ከቋጥኙ ጀርባ ሲሰወር ድምፁም አብሮ ይሰወርባቸዋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የሲቢ 40 ቻናሎች የሚገኙት ከ26.965 እስከ 27.405 ሜጋኸርዝ ባለው መስመር ላይ ነው። የዚህ ሞገድ ርዝመት 11 ሜትር ገደማ በመሆኑ ሙሉ የሩብ ሞገድ አንቴና 2.7 ሜትር ያህል ይረዝማል። ከዚያ ያጠረ አንቴና ሁሉ ውስጡ በተጠመጠመ ሽቦ እየታገዘ የሚሠራ ነው፤ ባጠረ ቁጥር ኃይል ያባክናል። የአሜሪካ ሕግ በኤኤም የሚፈቅደው ደግሞ 4 ዋት ብቻ ነው። የፍሬቻ አምፖል እንኳ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወስዳል። ከዚህች ጥቂት ኃይል ላይ በአንቴና ምክንያት ግማሹን መጣል በጣም ያሳዝናል።

ሬዲዮዎቹ

ለመሰወር የተመቸው የመጀመሪያው ዓይነት መቆጣጠሪያው በሙሉ በእጅ መያዣው ላይ ያለው ነው። በዚህ ረገድ ለብዙ ዓመታት የጂፕ ሰዎች ምርጫ የነበረው ኮብራ 75 ደብልዩኤክስ ኤስቲ ነው። ማሳያው፣ ቁልፎቹ፣ ድምፅ ማጉያውና የአየር ሁኔታ ቻናሎቹ ሁሉ በማይክሮፎኑ ላይ ናቸው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ የሚቀረው ኃይሉንና አንቴናውን የሚቀበል ትንሽ ሣጥን ብቻ ነው። መኪናውን ስታቆሙ መያዣውን ነቅላችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ ትከታላችሁ፤ ሌባ ቢያይ አንዲት መሰኪያ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚያየው። እኔ ከስርቆቱ በኋላ የገዛሁት ይህንኑ ነው፤ እስከ ዛሬም አልተጸጸትኩም።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። በእጅ መያዣው ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ትንሽ ነው። ሸራውን አውርዳችሁ በአውራ ጎዳና ስትነዱ ነፋሱ ይውጠዋል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ተጨማሪ ድምፅ ማጉያ በበጀታችሁ ውስጥ አስገቡ፤ ሣጥኑ ላይ መሰኪያ አለው። ቁልፎቹም በጓንት ለመጫን ያስቸግራሉ። ነባሩን ሞዴል አሁን በአዲስነቱ ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ መያዣው ከሣጥኑ ጋር የሚገናኝበትን መሰኪያ በደንብ እዩት፤ አቧራና መነቃቀል መጀመሪያ የሚጎዱት እሱን ነው።

ተተኪው ኮብራ 75 ኦል ሮድ መያዣውን ከሣጥኑ ጋር ያለ ገመድ ያገናኛል። ገመድ ከማርሽ ዘንግ ጋር ሲታገል ለኖረ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው፤ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ እንኳ ተቀብሎ ሊናገርበት ይችላል። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፤ መያዣውም ባትሪው እንዳያልቅ ማታ ማታ መሞላት ይፈልጋል። ሦስት ቀን በረሃ ለሚያድር ሰው ገመድ ያለው ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ዓይነት ተራው ትንሽ ሣጥን ነው። ዩኒደን ፕሮ 505 ኤክስኤል ከሁሉም ርካሹ ነው፤ የአየር ሁኔታ ቻናል የለውም፤ ቻናል መምረጫና ድምፅ ማስተካከያ፣ እንዲሁም ሰው በማይናገርበት ጊዜ የሚሰማውን ሹክሹክታ የሚዘጋው የስኩዌልች ቁልፍ አለው። ሌላ ነገር አትጠብቁበት፤ ግን ይሠራል። ዩኒደን ሲኤምኤክስ 760 ከአስፋልት ውጭ ለሚነዱ መኪኖች ታስቦ ይበልጥ ጠበብ ብሎ የተሠራ ነው። ፕሬዚደንት ቢል 2 ደግሞ ውፍረቱ ሁለት ጣት የማይሞላ ሲሆን፣ የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2021 ለሲቢ የፈቀደውን ኤፍኤምም ይዟል። ኤፍኤም ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ ይሁን እንጂ የጓደኞቻችሁ ሬዲዮ ኤኤም ብቻ ከሆነ በኤፍኤም ስትናገሩ አይሰሟችሁም። ለዚህ ብቻ ብሎ ዋጋ መጨመር ለኔ አሁን ትርጉም የለውም፤ ለቅጥነቱ ብሎ መግዛት ግን ተገቢ ነው።

እነዚህን ትንንሽ ሣጥኖች የዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ብትከቷቸው ቻናል ለመቀየር በየጊዜው መክፈት ያስቸግራል የሚል ሥጋት ይነሳል። በተግባር አያስቸግርም። ቡድኑ ጠዋት ሲነሳ አንድ ቻናል ይስማማል (በጂፕ ሰዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ 4 ነው)፤ ቀኑን ሙሉ እዚያው ይዋላል። ድምፁን አንዴ አስተካክላችሁ ኪሱን ትዘጉታላችሁ፤ ማይክሮፎኑ ብቻ በጎን ይወጣል። አስፋልት ላይ ስትመለሱ ወደ 19 ለማዞር አንዴ መክፈት ነው። ከባድ መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ይህን ቻናል አሳምረው ያውቁታል። ለአደጋ የተመደበው 9 ነው።

ሚድላንድ 75-822 ሦስተኛ መንገድ ነው። ራሱን የቻለ የእጅ ሬዲዮ ሲሆን በባትሪ ይሠራል፤ ባትሪውን አውልቃችሁ የመኪና ማገናኛውን ስታስገቡበት ደግሞ ከመኪናው ኃይልና ከውጭ አንቴና ጋር ይጣመራል። ምንም ነገር ሳይበሱ፣ ብሎን ሳያስሩ መጠቀም ለሚፈልግ፣ በተለይም መኪናው በሊዝ ለሆነ ሰው ይህን እመክራለሁ። ማንም መኪናው ውስጥ ሬዲዮ እንዳለ አያውቅም፤ ምክንያቱም ስትወርዱ አብሯችሁ ይወርዳል። በራሱ አጭር አንቴና ግን ከጥቂት መኪና ርቀት በላይ አትተማመኑበት።

ሣጥኑ የት ይግባ?

ብዙ ሰው ወንበር ሥር ይላል። ለቶዮታ ታኮማ ወይም ለፎርራነር ጥሩ ነው፤ ለጂፕ ግን አልወደውም። የጂፕ ወለል ጣሪያው ወርዶ ዝናብ ሲመጣ፣ ወንዝም ሲሻገር ውኃ ያገኘዋል። ደግሞም የአብዛኞቹ ሬዲዮዎች ድምፅ ማጉያ ከሥር በኩል ስለሆነ ምንጣፍ ላይ ሲቀመጥ ይታፈናል። ለጂፕ ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ይሻላል። የትም ብታስገቡት የኤርባግ መንገድ ላይ አትግጠሙ፤ ሽቦም በመስኮቱ ምሰሶ ሽፋን ውስጥ የምታሳልፉ ከሆነ ከመጋረጃው ኤርባግ ጀርባ እንጂ በፊቱ አይሂድ።

ኃይሉን ከሲጋራ ማቀጣጠያው መሰኪያ መውሰድ ቀላል ይመስላል፤ ግን የሞተሩ ፉጨት ድምፁን ያበላሸዋል፤ ገመዱም ይታያል። በቀጥታ ከባትሪው ውሰዱ፤ ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ አድርጉ። ባለ 4 ዋት ሲቢ የሚወስደው ከ2 አምፔር ብዙ ስለማያልፍ ወፍራም ሽቦ አያስፈልገውም።

አንቴናው

የመኪናውን ሬዲዮ አንቴና የሚመስለውና በመከፋፈያ ሁለቱንም ሥራ የሚሠራው አንቴና ከሁሉም ይበልጥ የተሰወረ ነው። ከሁሉም ደካማውም እሱ ነው። ከአስፋልት ለማይወጣ፣ ከፊቱ ካለው መኪና ጋር ብቻ ለሚነጋገር ሰው ይበቃዋል። ለተራራ አልመክረውም።

በማግኔት የሚቀመጠው፣ ለምሳሌ ዊልሰን ሊትል ዊል፣ የብረት ጣሪያ ላላቸው ታኮማና ፎርራነር እጅግ መልካም ነው። ሰፊው የብረት ጣሪያ ከሥሩ ስለሚሆን አንቴናው የሚፈልገውን የኤሌክትሪክ መሬት (ግራውንድ) ያገኛል፤ ስታቆሙም አንስታችሁ ወንበር ሥር ታስገቡታላችሁ። ገመዱ ግን በበሩ ጎማ በኩል ይገባል፤ ሲመሽ ሲነጋ እየተቆነጠጠ ይጎዳል። በ2018 ሞዴል የጀመረውን ጂፕ ራንግለር ጄኤል ለገዛችሁ ደግሞ ማግኔት አይታሰብም። ኮፈኑና በሮቹ አሉሚኒየም ናቸው፤ ጣሪያውም ሸራ ወይም ፋይበር ነው። ማግኔቱ በእነዚህ ላይ አይይዝም።

ለጂፕ የምመርጠው በስኮርታ ጎማው ጀርባ የሚታሰረውን ማቀፊያ ብረትና ባለ 4 ጫማ (1.2 ሜትር) የፋይበር አንቴና ነው፤ ፋየርስቲክ በዚህ የታወቀ ነው። ባለ 3 ጫማውም ይሠራል፤ ግን ቢያንስ ከቁመቱ ሲሶው ከጣሪያው በላይ መውጣት ስላለበት ረጅሙ ይሻላል። ጥቁሩን ግዙ። ከጥቁር ጎማ አጠገብ ቆሞ ከሩቅ ለዓይን አይጎላም። ከሥሩ ፈጣን ማላቀቂያ ጨምሩበት፤ ሩብ ዙር አዙራችሁ ከተማ ስትገቡ ትነቅሉታላችሁ። ነቅላችሁ ሳለ ግን የመናገሪያውን ቁልፍ ፈጽሞ እንዳትጫኑ። አንቴና የሌለው ሬዲዮ ኃይሉ መሄጃ ስለሚያጣ ማሠራጫው ሊቃጠል ይችላል።

ገመዱ ላይ ጊዜ ስጡ። የመጀመሪያው ሥራዬን የሠራልኝ ጋራዥ ኮአክሲያል ገመዱን (ሬዲዮውን ከአንቴናው የሚያገናኘውን) በኋላው በር ማጠፊያ ላይ አሳልፎት ነበር። በሩ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር ተጨፍልቆ በሁለት ወሩ ውስጡ ተነካካ። አሁን የምሠራው ከሦስተኛው የፍሬን መብራት ሽቦ ጋር አብሮ፣ ላላ ያለ ቀለበት ትቼለት፣ ከውስጥ በምንጣፉ ጠርዝ ሥር ነው። 18 ጫማ (5.5 ሜትር) የተለመደው ልክ ነው፤ የተረፈውን እንደ ልብስ ገመድ አጥብቃችሁ አትጠምጥሙት።

ከዚያ መለካት ነው። ኤስደብልዩአር የሚባለው መለኪያ አንቴናው ሳይቀበለው ወደ ሬዲዮው የሚመለሰውን ኃይል ያሳያል። 1.5 እና ከዚያ በታች በጣም ጥሩ ነው፤ እስከ 2 ይሠራል፤ ከ3 ካለፈ አትናገሩበት። አንድ ወዳጄ መኪና ላይ መርፌው 2.6 ላይ ቆሞ አልወርድ አለን። አንቴናውን ብናሳጥር፣ ብናስረዝም ለውጥ የለም። በመጨረሻ የጄኤል የኋላ በር ማግኒዚየም ያለበት፣ በቀለምና በማጠፊያ ከአካሉ የተለየ በመሆኑ አንቴናው መሬት እንደማያገኝ ትዝ አለኝ። ከማቀፊያው ብረት እስከ መኪናው አካል የተጎነጎነ የመዳብ ሽቦ ዘረጋን፤ ብሎኑ የሚያርፍበትን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፈቅን። ቁልፉን ስንጫን መርፌው 1.4 ላይ አረፈ። ችግሩ ሁሉ ከአንዲት ሳንቲም የማትበልጥ ቀለም ነበረች። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው፦ ቻናል 40 ላይ ከቻናል 1 የበለጠ ካነበበ አንቴናው ረዝሟል፣ ቻናል 1 ላይ ከበለጠ አጥሯል። በጫፉ ያለውን ብሎን እያዞራችሁ ታስተካክላላችሁ።

መሰወሩ ከሁሉ የሚበልጥባችሁ ከሆነ

እንግዲያውስ ሲቢን ትታችሁ ጂኤምአርኤስ የሚባለውን ሌላ ዓይነት የመገናኛ ሬዲዮ ተመልከቱ። የሚሠራው በ462 ሜጋኸርዝ ስለሆነ ሞገዱ 65 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የሩብ ሞገድ አንቴናው 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሲቢ ላይ ደካማ የሚያደርገው አጭር ዘንግ እዚህ ሙሉ አንቴና ነው። ሚድላንድ ኤምኤክስቲ 275 መቆጣጠሪያው ሁሉ በማይክሮፎኑ ላይ ነው፤ 15 ዋት አለው፤ ድምፁም በኤፍኤም ጥርት ያለ ነው። የጂፕ የተራራ ጉዞዎችን የሚያዘጋጀው ጂፕ ጃምቦሪ ዩኤስኤ ራሱ ጉዞዎቹን ወደዚህ አዙሯል። ለሲቢ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ለዚህ ግን 35 ዶላር ይከፈላል፤ ፈተና የለውም፤ ለ10 ዓመት ያገለግላል፤ ቤተሰቡንም ይሸፍናል።

ሁለቱ ግን አይሰማሙም፤ በሲቢ የሚናገር ሰው ጂኤምአርኤስ የያዘውን አይሰማም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አብራችሁ የምትወጡትን ሰዎች ምን እንደያዙ ጠይቁ። እኔ ጋ አምስት መኪኖች ሲቢ ስላላቸው ሲቢ ላይ ነኝ። እንደ አዲስ የምንጀምር ቢሆን ጂኤምአርኤስን እመርጥ ነበር።

አንድ ነገር ደጋግሜ ስለምጠየቅ፦ እነዚህን ሬዲዮዎች ኢትዮጵያ ላለ ዘመድ ላንድክሩዘር መላክ ይቻላል ወይ? የአሜሪካው ነፃነት እዚያ አይሠራም። የሬዲዮ ማሠራጫ መሣሪያ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃድ የሌለው ዕቃ ጉምሩክ ላይ ሊያዝ ይችላል። ዘመዳችሁ መጀመሪያ እዚያ ሄዶ ይጠይቅ፤ ወረቀቱ እጁ ሲገባ ሬዲዮውን ግዙ።