ለሳሎን ግድግዳ ፎቶ ስትገዙ፦ ትልቁ የሸራ ኮፒ ወይስ ትንሹ የተፈረመበት ፕሪንት?

ቤት የቀየረ ጓደኛ ሁሉ ይደውልልኛል። «ሳሎኑ ባዶ ሆነብኝ፣ ምን ልስቀል?» ይላል። ወዲያው በቴሌግራም የአንድ ሱቅ ፎቶ ይላክልኛል። ትልቅ ሸራ ላይ የታተመ ላሊበላ፣ ወይም ጀበና፣ ወይም ፊቷን ነጭ ቀለም የተቀባች የኦሞ ልጅ። «4,500 ብር ብሎኛል፣ ልውሰደው?»

አትውሰዱት። ይልቅስ ከጀማሪ ፎቶግራፈር እጅ ፊርማና ቁጥር ያለው ትንሽ ፕሪንት ግዙ። ለምን እንደሆነ በብር እያሰላሁ ላሳያችሁ።

ዋጋ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል፣ ክርክርም አለው። እኔ ስጠይቅ የተነገረኝ ይሄ ነው። 60 በ90 ሳንቲሜትር የሸራ ኮፒ፣ 4,500 ብር። ኤምዲኤፍ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ላሜኔት የተደረገ 50 በ70፣ ማለትም የምረቃ ፎቶ የሚሠራበት ዓይነት፣ 2,800 ብር። ወጣቶች በጋራ ባዘጋጁት ትርኢት ላይ፣ በኤ4 መጠን፣ በወፍራም የጥጥ ወረቀት የታተመ የተፈረመበት ፕሪንት፣ ያለ ፍሬም 4,000 ብር። ፍሬሙ ከመስታወትና ከፓስፓርቱ፣ ማለትም ፎቶውን ዙሪያውን ከሚከበው ካርቶን፣ ጋር 3,000 ብር። በድምሩ 7,000 ብር መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ «ትልቁ በ4,500፣ ትንሹ በ7,000?» ይለኛል። ጥያቄው ትክክል ነው። ግን የመጀመሪያው ቀን ዋጋ ብቻ አይቶ መወሰን ኪስ ይጎዳል።

የእህቴን ሸራ ልንገራችሁ። ከመስኮቱ ትይዩ ሰቀለችው። ዓመት ሳይሞላው ቀዩ ቀለም ጠፍቶ ምስሉ ሁሉ ወደ ሰማያዊ አደላ። ክረምት ሲገባ ደግሞ የወጠረው እንጨት እርጥበት ጠጥቶ ተጣመመ፣ ሸራው ላላ፣ በታጠፈበት ጠርዝ በኩል ቀለሙ ተሰነጠቀ። ወደ ሱቁ ወሰደችው። ድጋሚ ለመወጠር 1,200 ብር ተጠየቀች፣ ከፈለች። ቀለሙን ግን መመለስ አይቻልም። «አዲስ እናትምልሽ» አሏት፣ በሙሉ ዋጋ። አዲሱንም ገዛች። 4,500፣ ሲደመር 1,200፣ ሲደመር 4,500፤ 10,200 ብር! ሁለተኛውም የታተመው በዚያው ቀለም ስለሆነ ዕጣው ያው ነው።

ችግሩ ቀለሙ ላይ ነው። በርካሹ ህትመት የሚገባው ዳይ የሚባለው ቀለም ብርሃን አይችልም። ፒግመንት የሚባለው ግን በጥሩ ወረቀት ላይ፣ ከቀጥታ ፀሐይ ርቆ፣ በመስታወት ተሸፍኖ ከተቀመጠ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ስትገዙ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ቀለሙ ፒግመንት ነው ወይስ ዳይ?» ይሁን። ሥራውን የሚወድ ፎቶግራፈር ወዲያው ይመልስላችኋል፣ የወረቀቱንም ስም ይጨምርላችኋል። ሻጩ «ኦሪጅናል ቀለም ነው» ብቻ ካለ እለፉት።

ሌላው ምስሉ ራሱ ነው። ብዙዎቹ የሸራ ኮፒዎች ከኢንተርኔት ወይም ከቴሌግራም የወረዱ ናቸው። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልክ ረጅሙን ጎን ወደ 1,280 ፒክስል ያወርደዋል። ይሄን 90 ሳንቲሜትር ላይ ስትዘረጉት በአንድ ኢንች 36 ፒክስል ገደማ ብቻ ይደርሳል። ጥሩ ህትመት 300 ይፈልጋል፣ ከራቅ ብሎ ለሚታይ ትልቅ ሥራ 150ም ይበቃል። 36 ግን ቀረብ ሲሉ ጭቃ ነው። ሱቅ ውስጥ ስትገቡ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ሸራውን እስክትነኩ ድረስ ተጠጉና ዓይኖቹን፣ የጸጉሩን ጫፍ፣ የድንጋዩን ስንጥቅ እዩ። ከተድበሰበሰ የወረደ ነው። ሽታውንም አሽትቱት። ሸራ ነው ተብሎ የሚሸጥ የማስታወቂያ ባነር አጋጥሞኛል፤ ጀርባውን ስትገለብጡት ፕላስቲክነቱ ይታወቃል።

ያን ፎቶ ያነሳው ሰው ደግሞ አምስት ሳንቲም አያገኝም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ ሥራን ለ25 ዓመት ይጠብቃል። ሱቆቹ ላይ ግን የፎቶ አንሺውን ስም ጠይቁ እስቲ። «ከውጭ የመጣ ነው» ይሏችኋል። እዚሁ ጎረቤታችን ያለ ልጅ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ያነሳውን ነው እንዲህ የሚሉት። ይሄ እኔን በጣም ያናድደኛል።

ትልልቆቹ ጋለሪዎችስ? አቅም ላለው ግሩም ናቸው። አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል በፈረንጆቹ 2010 የመሠረተችው ፎቶግራፈር አይዳ ሙሉነህ ሥራዋ በፈረንጆቹ 2018 ኒው ዮርክ በሚገኘው ሞማ በተባለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ታይቷል። በዚያ ደረጃ ዋጋው የሚወራው በዶላር ነው። ብሩ በገበያ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ዶላሩን ወደ ብር መመንዘር ለደመወዝተኛ የሚሞከር አይደለም። ጋለሪ ከሽያጩ እስከ ግማሽ መውሰዱም የተለመደ ነው፤ ቤት ኪራይና ሠራተኛ ስላለው አልፈርድበትም። ለመጀመሪያ ፎቶ ግን እዚያ አትጀምሩ። ለማየት ሂዱ፣ ዓይናችሁን አሠልጥኑ፣ ማየት ነፃ ነው።

እኔ የምላችሁ ወጣቶቹ ተሰባስበው የሚያሳዩባቸውን ቦታዎች ነው። አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝና ጎተ ኢንስቲትዩት የሚያዘጋጇቸውን ትርኢቶች ተከታተሉ፤ የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚያሳዩትንም። ከዚያ ፎቶግራፈሩን ራሱን አግኙት። ብዙ ጊዜ ከሥራው አጠገብ ቆሞ ነው የምታገኙት፣ ማንም እስኪያናግረው እየጠበቀ። «ከዚህ ብር ውስጥ ለአንተ ስንት ይደርስሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም። ቦታው ምንም የማይወስድበት ወይም ትንሽ ብቻ የሚወስድበት ከሆነ ብራችሁ ቀጥታ ለሚቀጥለው ሥራው ይውላል።

ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር። በወረቀቱ ነጭ ጠርዝ ላይ በእርሳስ 5/20 ተብሎ ከተጻፈ፣ ከሃያ ኮፒ አምስተኛው ነው ማለት ነው። ግን ጠይቁ፦ ሃያው በዚህ መጠን ብቻ ነው ወይስ በሁሉም መጠን? በሌላ መጠን ሌላ ሃያ ካለ ዋጋው መቀነስ አለበት። ኒው ዮርክ ውስጥ ጄን ቤክማን በፈረንጆቹ 2007 የጀመረችው 20×200 የሚባለው የኢንተርኔት የፕሪንት ሽያጭ ይሄን በግልጽ አስቀምጦት ነበር። ሲጀመር ትንሹ መጠን በ200 ኮፒ ይታተም፣ አንዱ በ20 ዶላር ይሸጥ ነበር። መጠኑ ሲያድግ ኮፒው ያንስ፣ ዋጋው ይወጣ ነበር። የእኛም ልጆች ሒሳቡን እንዲህ ግልጽ ቢያደርጉት ገዢው አይፈራም ነበር። ቁጥር የሌለው ፕሪንትም መጥፎ አይደለም፤ ግን ቁጥር ባለው ዋጋ አትግዙት። ደግሞ ነገ አትርፌ እሸጠዋለሁ ብላችሁ አትግዙ። ሲያዩት ልባችሁን የሚነካውን ግዙ።

አሁን ወደ ፍሬም ቤቱ። ጥሩ ፕሪንት የሚሞተው እዚህ ነው። ጓደኛዬ ቁጥር 3/15 የሆነ ሥራ ገዝቶ ለፍሬም ሰጠ። ባለሙያው ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ፍሬም ውስጥ እንዲገባለት ነጩን ጠርዝ ቆረጠው። ፊርማውም ቁጥሩም አብሮ ተቆረጠ። የተረፈውን ደግሞ በኮላ ቺፑድ ላይ ለጠፈው። ያ ፕሪንት ከእንግዲህ ሳይቀደድ አይነሳም።

ስለዚህ ፍሬም ቤት ስትሄዱ ሦስት ነገር ተናገሩ፣ ቢቻል ወረቀት ላይ ጻፉላቸው። አትቁረጡ። አትለጥፉ። መስታወቱ ፎቶውን አይንካው። ፓስፓርቱው የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ በመስታወቱና በፕሪንቱ መሃል ክፍተት ይፈጥራል። ክፍተት ከሌለ በክረምት እርጥበት ፕሪንቱ መስታወቱ ላይ ይጣበቃል። ፓስፓርቱው አሲድ አልባ ከሆነ ጥሩ፣ ካልሆነ ከዓመታት በኋላ ጠርዙን ቢጫ ያደርገዋል። ከጀርባው የሚገባው ቺፑድ ፕሪንቱን በቀጥታ እንዳይነካም መሃል ላይ ንጹሕ ወፍራም ወረቀት አስገቡበት። 3,000 ብሩን ለፍሬም ማውጣት ከከበዳችሁ ፕሪንቱን ብቻ ገዝታችሁ ከነፖስታው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጡት፣ ፍሬሙ በሚቀጥለው ደመወዝ ይደርሳል። አትጠቅልሉት ብቻ።

አንድ የምወደው ነገር አለ። ውሃ ቢደፋበት፣ ልጅ ቢቀደው፣ ፎቶግራፈሩን ታገኙታላችሁ። የተበላሸውን መልሳችሁ፣ የወረቀትና የህትመት ወጪውን ከፍላችሁ፣ በዚያው ቁጥር እንዲያትምላችሁ መስማማት ይቻላል። ይሄን ስትገዙ ጠይቁትና ደረሰኙ ላይ ስሙን፣ የሥራውን ርዕስ፣ ዓመቱን፣ ቁጥሩን ከነስምምነቱ ያስፍርላችሁ።

በጀታችሁ ከ3,000 ብር በታች ከሆነም ኤምዲኤፉን ተዉት። ብዙዎቹ ወጣቶች በፖስትካርድ መጠን ወይም ትንሽ ከፍ ባለ መጠን የሚያትሙት አላቸው። እኔ ሦስቱን በ2,400 ብር ወስጄ አንድ ፍሬም ውስጥ ጎን ለጎን አስገብቻቸዋለሁ። ለቤት ምረቃ ስጦታም ይሄንኑ ነው የምሰጠው።