ሰማዩ ድሪቶ እንዳይሆን፦ ባለ 300 ዩሮው ወይስ ነጻው?

«አንተ፣ ያንን የኦሪዮን ፎቶ በምን ሰፋኸው? ልግዛው እንዴ?» ኦሪዮን የሚባለውን የኮከቦች ስብስብ ከብዙ ፎቶ ሰፍቼ አንድ ትልቅ ምስል ስላደረግኩት፣ በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ስለ መስፊያው ሶፍትዌር ጠየቀኝ። ቴሌግራም ላይ ድምፅ እየቀዳሁ መመለስ ሰለቸኝ። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

አጭሩ መልስ፦ ሶፍትዌር አትግዙ። ዲስክ ግዙ። እሱንም አጣርታችሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ይታወቅልኝ። ፎቶዎቹን ያነሳሁት እኔ አይደለሁም፤ ቴሌስኮፕም የለኝም። ዲጂታይዝድ ስካይ ሰርቬይ ከሚባለው ስብስብ በነጻ ያወረድኳቸው ናቸው። ካሊፎርኒያ ፓሎማር ተራራ ላይና አውስትራሊያ ውስጥ ባሉ ሁለት ሽሚት ቴሌስኮፖች (ሰፊ ሰማይ በአንዴ የሚያነሡ ናቸው)፣ እንደ ፊልም በሚያገለግል የመስታወት ሳህን ላይ ተነሥተው በኋላ በስካነር የተገለበጡ። አንዱ ሳህን ጎኑ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚይዘው ሰማይ 6.5 ዲግሪ። 13 ጨረቃ ጎን ለጎን ደርድሩ፣ ያን ያህል ነው። እኔ የፈለግኩት 20 ዲግሪ በ20 ዲግሪ ስለሆነ ለአንድ ቀለም ብቻ (ቀዩና ሰማያዊው ሳህን ለየብቻ ነው) ቢያንስ 16 ሳህን መስፋት ነበረብኝ።

ጣጣው ሳህኖቹ አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። የተነሡት በተለያየ ሌሊት ነው፤ የታጠቡትም ለየብቻ። መሃላቸው ብሩህ፣ ጠርዛቸው ጨለምለም ያለ። ዝም ብላችሁ ካጋጠማችኋቸው ሰማዩ ድሪቶ ይመስላል፤ እዚህ ግራጫ እራፊ፣ እዚያ ጥቁር እራፊ።

አሁን ወደ ዋጋው። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ፒክስኢንሳይት ነው። ከስፔን የሚመጣ የተከበረ የሰማይ ፎቶ ማቀነባበሪያ ሶፍትዌር ነው፤ አላጣጥለውም። ዋጋው 300 ዩሮ ገደማ ነው፤ ታክሱ ለብቻው። አንድ ዩሮ በ150 ብር ቢሰላ እንኳ 45,000 ብር። እሱም ዩሮ የሚከፍል ካርድ ካላችሁ ነው። የእኔ ባንክ ካርድ እምቢ ስላለ ዋሽንግተን ያለችውን የአክስቴን ልጅ ልለምን ነበር። ደግነቱ አፈርኩ።

በዚያ ፋንታ ግን ሌላ ስሕተት ሠራሁ። አንድ ሱቅ ክራክ የተደረገውን በ400 ብር ፍላሽ ላይ ጫነልኝ። ሱቁን አልጠራም። ሶፍትዌሩ ተከፈተ፤ ሁለት ሳህን አገጣጥሞ ሦስተኛው ላይ ሞተ። ማዘመን አይቻልም፤ የተሰበረ ኮፒ ነዋ። በማግስቱ ፍላሼን ስከፍት ፎልደሮቼ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። ያቺን ቫይረስ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ላፕቶፑ ፎርማት ተደረገ፣ የሁለት ሳምንት ዳውንሎድ ገደል ገባ። የሞባይል ዳታውን አስሉት። 400 ብር ያልኩት ነገር ስንት እንደወጣበት እናንተው ድመሩ።

ሕጋዊው የ45 ቀን ነጻ ሙከራ እንዳለው ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሞከርኩት። እዚያ ያገኘሁት የመስፊያ መሣሪያ ሁለት ሁለቱን እያገጣጠመ ነው የሚሄደው። በሁለቱ ላይ ያሉትን የጋራ ኮከቦች ለክቶ ብርሃናቸውን ያስታርቃል። 16 ሳህን ማለት 15 ጊዜ መስፋት ማለት ነው። በራሳችሁ ካሜራ ላነሣችሁት ግሩም ነው። የመስታወት ሳህን ግን እንደ ካሜራ ሴንሰር አይደለም፤ ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ጥቁረቱ እጥፍ አይሆንም። ስለዚህ የኮከብ ልኬቱ ይዋዥቃል፣ ስፌቱም ይታያል።

ሁጊን ስለሚባለው የፎቶ መስፊያ የጠየቃችሁኝም አላችሁ። ነጻ ነው፤ ለተራራና ለከተማ ፎቶ እጁ ይባረክ። ኮከብ ላይ ግን ይደናበራል። ሁሉም ነጥብ ለሱ አንድ ነው። እለፉት።

የኔው ምርጫ ሞንታዥ ነው። የካልቴክ ሰዎች ለሥነ ፈለክ ሥራ ብለው የሠሩት፣ ዋጋው ዜሮ ብር። ኮከብ አይፈልግም፤ ፋይሉ ራስጌ ላይ የተጻፈውን የሰማይ አድራሻ ያነባል። ከዚያ ተደራራቢ ቦታዎችን በሙሉ ያነጻጽርና የሁሉንም ሳህን ብርሃን አንድ ላይ ያስታርቃል። ሁለት ሁለቱን ሳይሆን ሁሉንም በአንድ ሽምግልና። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ቀላል ነው አልልም፣ ያስለቅሳል። ቁልፍ የለው፣ መስኮት የለው። ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፋችሁ ነው። ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ውስጡ መጫን አለባችሁ። ይህን ካልወደዳችሁና ፎቶው በራሳችሁ ካሜራ የተነሣ ከሆነ ሲሪል 1.4 የሚባለውን የሰማይ ፎቶ ሶፍትዌር ያዙ። እሱም ነጻ ነው፤ መስኮትም አለው፤ ሞዛይክም ይሰፋል። እኔ የተጠቀምኩት ቀለሙን ለማዋሃድ ብቻ ነው፦ ቀዩን ሳህን፣ ሰማያዊውን ሳህን፣ አረንጓዴ ስለሌለ የሁለቱን አማካይ።

አሁን ወደ ዲስኩ። ሞንታዥ ሆዳም ነው፤ ለእያንዳንዱ ምስል እኩያውን ሌላ ፋይል ይጽፋል። «2 ቴራ» የተጻፈበት ኤክስተርናል ዲስክ በ3,000 ብር አገኘሁና ዘለልኩ። የመጀመሪያዎቹ ሳህኖች አማረባቸው። ከዚያ የኦሪዮን ቀበቶ በሚባሉት ሦስት ኮከቦች ላይ ጥቁር ካሬ ወጣ። ሦስት ቀን ሞንታዥን ስረግም ከረምኩ። መጨረሻ ላይ ዲስኩን በቢላ ከፈትኩት። ውስጡ በሙጫ የተለጠፈች የሞባይል ሚሞሪ ካርድ! ሞልቶ ሲያበቃ የተጻፈውን ሁሉ ዝም ብሎ ይውጣል። ኤፍ3 የምትባል ነጻ ፕሮግራም አለች፤ ዲስኩን እስከ ጫፉ ጽፋ መልሳ ታነባለች። ሻጩ ፊት አስሞክሩት። ሻጩ «ጊዜ የለኝም» ካለ ጥላችሁ ውጡ።

ራም ግዙ የሚላችሁንም አትስሙ። በሙሉ ጥራቱ ብትሰፉት በጎን 72,000 ፒክስል ይሆናል፤ ለአንድ ቀለም 21 ጊጋ ገደማ። ግን ለምን? የ2 ሜትር ባነር በ150 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 150 ነጥብ) የሚፈልገው 11,800 ፒክስል ብቻ ነው። በዚያ መጠን ስፉት፤ አንዱ ቀለም 560 ሜጋ አካባቢ ይመጣል። የእኔ ባለ 8 ጊጋ ላፕቶፕ ቻለው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ኦሪዮንን የሚከበው ባርናርድስ ሉፕ የሚባለው ፈዛዛ ቀይ ቅስት እውነተኛ ጋዝ ነው። ሞንታዥ ግን የሳህን እድፍ መስሎት ሊያስተካክለው ይሞክራል። የመጀመሪያው ሥራዬ ላይ ግማሹን በላው። የብርሃኑን ዘንበል ማለት ትቶ የሳህኑን አጠቃላይ ብርሃን ብቻ ከፍ ዝቅ አድርጎ እንዲያስተካክል የሚያዝ ምርጫ አለ፤ ሌቭል ኦንሊ ይሉታል። እሱን ተጠቀሙ። ቅስቱ ይተርፋል፤ ስፌቱ ግን ትንሽ ይቀራል።

ባነር ቤት ወስጄ አሳተምኩት። ልጁ ዘርግቶ አየና ሪጄል ከሚባለው የኦሪዮን ኮከብ በስተግራ ጣቱን አሳረፈ። «ወንድም፣ እዚህ ጋ ታጥፏል መሰለኝ» አለኝ። አልታጠፈም። አንድ የሳህን ጠርዝ ነው። እስካሁን ሳሎኔ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ከሱ በቀር ያየው የለም።