የዳዊት ኮከብ ወይስ «ሐይ»፦ ለአንገት የትኛው ይሻላል?

ለባት ሚጽቫ (አይሁዳዊት ልጅ ለአካለ መጠን ስትደርስ ለሚከበረው በዓል) የአንገት ሐብል የሚገዛ አይሁዳዊ ወላጅ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ማመንታቱ አይቀርም። በአይሁድ ሕግ አንዱም ግዴታ አይደለም።

ትርጉም፦ «ሐይ» ሔት እና ዮድ በሚባሉ ሁለት ፊደላት የሚጻፍ የዕብራይስጥ ቃል ነው፤ ከእኛው «ሕያው» ጋር ሥሩ አንድ ነው። የዕብራይስጥ ፊደላት የቁጥር ዋጋ አላቸው፦ ሔት 8፣ ዮድ 10፣ ድምሩ 18፤ የገንዘብ ስጦታ በ18 ብዜት የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ኮከቡ ከባድ ታሪክ ተሸክሟል፦ ናዚዎች ለማዋረድ ቢጫውን ኮከብ በአይሁድ ልብስ ላይ አሰፉት፤ በ1948 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ደግሞ በእስራኤል ሰንደቅ ዓላማ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ።

ግልጽነት፦ ኮከቡ ከሩቅ ይታወቃል። በኢትዮጵያ ግን ክርስቲያኖችም ስለሚጠቀሙበት ብቻውን አይሁዳዊነትን አይናገርም። «ሐይ»ን የሚያነበው የሚያውቀው ነው፤ ጥላቻ በሚያሰጋበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዋጋ፦ የሚወስነው ማዕድኑ፣ ወርቅ ወይም ብር መሆኑ ነው።

ማንነቷን በአደባባይ ማሳየት ለምትሻ፣ ኮከቡ። ከሕመም ለተነሣ ወይም ዕድሜ ለሚመኙለት፣ «ሐይ»። ለትንሽ ልጅ እኔ «ሐይ»ን እመርጣለሁ።