መካነ ኢየሱስ እና ቃለ ሕይወት፦ አንድ ስም፣ ሁለት ታሪክ

እነዚህን ሁለት የኢትዮጵያ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ከውጭ የሚያያቸው ሁለቱንም «ጴንጤ» ብሎ ያልፋል። አጀማመራቸው ግን ፈጽሞ ይለያያል።

መካነ ኢየሱስ የሉተራውያን ዘር ናት። የስዊድን ሚስዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1866 ምጽዋ ደረሱ፤ በእነርሱ ዘንድ የተማረው ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አዘጋጀ። ቤተ ክርስቲያኒቱ እ.ኤ.አ. በ1959 በብሔራዊ ደረጃ ተቋቋመች። ሕፃናትን ታጠምቃለች፤ አስተዳደሯም በሲኖዶስ ነው። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ እ.ኤ.አ. በ1979 በደርግ ተገደሉ።

ቃለ ሕይወት የደቡብ ፍሬ ናት። የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን (SIM) የተባለው የውጭ የወንጌል ድርጅት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ወላይታ ገቡ፤ የጣሊያን ወረራ ግን አስወጣቸው። ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ወላይታዎች ከመቶ አይበልጡም ነበር። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ በሺዎች የሚቆጠሩ አማኞች ጠበቋቸው! ከሁለቱ ታሪኮች እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ወንጌሉን ከመንደር መንደር ያደረሱት የአገሬው ገበሬዎች ናቸው፤ በእስራትና በግርፋት መካከል። እዚህ የሚጠመቀው አምኖ የመሰከረ ብቻ ነው።

በሥርዓተ አምልኮና በሥነ መለኮት ትምህርት መካነ ኢየሱስ ትበልጥብኛለች። የምእመናንን ኃይል ማጥናት የሚሻ ግን ከወላይታ ይጀምር።