ኤግዞስት ብሬክ አልይዝ ላላችሁ፦ የኮቺውን ኤሌክትሪሻን ሞክሩት

ጅማ ውስጥ ኤፍ ኤስ አር (የአይሱዙ የጭነት መኪና) የምትነዱ ወንድሞች፣ ይቺ ለእናንተ ናት። ኮቺ በኩል ጠባብ ጋራዥ ያለው አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪሻን አለ። እሱን በአደባባይ እግዜር ይስጥልኝ ልለው ነው።

ኤግዞስት ብሬክ ማለት የጭስ መውጫውን በክዳን ዘግቶ ሞተሩን በማፈን መኪናውን የሚይዝ ነው። የእኔ ማብሪያውን ስስብ ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ ይበራል፣ መኪናውን ግን አይይዝም። ያ የለመድነው የሞተር መታፈን ጠፋ። ቡና ጭኖ ከአበልቲ ወደ ጊቤ ድልድይ የወረደ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ማርሽ ቀንሰህም እግርህ ከፍሬን አይነሳም። ግማሹን ሳትወርድ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ጋቢና ውስጥ ይገባል።

መጀመሪያ ያሳየሁት ጋራዥ (ስሙ ይቅር) ጎንበስ ብሎ እንኳ ሳያይ «ማርሚታው ላይ ያለው ክዳን አልቋል፣ ሙሉውን ቀይር» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ሻዩ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

የኮቺው ልጅ ግን ካቻቢቴ አላነሳም። «አብሽር ጋሼ፣ ሞተሩን ያስነሱና አየር ይሙላ» አለኝ። ከባትሪው 24 ቮልት በሽቦ ስቦ አየር ለሚለቀው ቫልቭ በቀጥታ ሰጠው። ቫልቩ ጠቅ አለ፣ የክዳኑ ክንድ ተገፋ፣ የሞተሩ ድምፅ ታፈነ። «አዩ? ክዳኑም ቫልቩም ጤነኛ ናቸው። ትእዛዙ ነው የማይደርሳቸው።»

ኤግዞስት ብሬክ ነዳጅ ወይም ፍሪሲዮን ስትረግጥ ራሱ እንዲለቅ ነው የተሠራው። ለዚህም ፔዳሎቹ ጋ ትንንሽ ስዊቾች አሉት። አንዱ ከተበላሸ፣ ሳትረግጥም እንደረገጥክ ይቆጥርብሃል። ልጁ በጀርባው ተንጋሎ ጭንቅላቱን ፔዳሎቹ ስር ከተተ። ሲወጣ መዳፉ ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ይዟል። ፍሪሲዮኑ ሲመለስ የስዊቹን ጫፍ የምትጫነው፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ጎማ ደርቃ ተፈርፍራለች። የቀረው ባዶ ቀዳዳ ነው፤ የስዊቹም ጫፍ በዚያው ይሾልካል። በቃ፣ ጣጣው ሁሉ ይቺ ናት!

ከአሮጌ የጭቃ መከላከያ ጎማ ቆርጦ በትንሽ ብሎን አሠረልኝ። «ዋናውን ሲያገኙ ይቀይሩታል» አለ። ሞተሩ ሲበርድም የክዳኑን ክንድ ወዲህ ወዲያ እያለ ፈተሸው። ሜዳ ላይም ቢሆን በየቀኑ እንድጠቀምበት መከረኝ፤ ሳይሠራ ከከረመ ካርቦን ያጣብቀዋል። የጠየቀኝን ሂሳብ ስሰማ «እርግጠኛ ነህ?» አልኩት። አልጨመረም።

ኤን ፒ አር (አነስተኛው አይሱዙ) ያላችሁ፣ የእናንተ በአየር ግፊት ሳይሆን በቫኪዩም (አየር በመምጠጥ) ስለሚሠራ መጀመሪያ ቱቦዎቹ አለመሰንጠቃቸውን እዩ።

ልጁ አይቸኩልም፣ ወረፋም አለበት። ስለዚህ ጭነት አስጭናችሁ «ቶሎ በል» ልትሉት አትሂዱ። የሞተር ሥራም አይነካም፤ የነዳጅ ፓምፕ ወይም ኖዝል ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ። ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም። የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ ቦታውን አመላክታለሁ። አርብ በጁምዓ ሰዓት ግን ዝግ ነው።