አሥር ወር ከሸክላ የውኃ ማጣሪያዬ ጋር፦ ክረምቱ ያወጣው ጉድለት

በኅዳር ወር ከዘጌ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ተሻግሬ፣ ሁለት ባልዲ ተደራርቦ በላይኛው ውስጥ ነጭ የሸክላ ማጣሪያ የቆመበትን ዕቃ ገዝቼ ስመለስ፣ ቤተሰቤን ከሆድ ሕመም የምገላግልበት መንገድ ተገኘ ብዬ ነበር። እኛ ቤት የሚጠጣው ከጣና የሚቀዳ ውኃ ስለሆነ ግዢው የቅንጦት አልነበረም። እስከ ሰኔ ድረስ ያለ እንከን አገልግሎናል።

በሐምሌ አጋማሽ አንድ ማለዳ ለቁርስ ውኃ ልቀዳ የታችኛውን ባልዲ ቧንቧ ብከፍተው የወጣው አንድ ብርጭቆ እንኳ አልሞላም፤ ማታ እስከ አፉ የሞላሁት የላይኛው ባልዲ ግን እንደ ሞላ አድሯል። ውኃውን ገልብጬ ሸክላውን ሳወጣው ነጭነቱ ጠፍቶ ቡናማ ልባስ ለብሶ ነበር። ጣቴን ባሳርፍበት እንደ ሊጥ ያሟልጫል፤ በብሩሽ ሳሸው የወረደው ጭቃ የሳህኑን ወለል ሸፈነው፤ ከሥሩም ያ ነጭ ሸክላ ብቅ አለ።

ይህ ጭቃ ከየት እንደሚመጣ ሐይቁ ዳር ለሚኖር ሰው እንቆቅልሽ አይደለም። ከእኛ በስተምዕራብ ወደ ሐይቁ የሚገባው ግልገል ዓባይ፣ ሰከላ ግሽ ዓባይ ላይ ሲመነጭ ሰው ለጸበል የሚጎነጨው ጥሩ ውኃ ነው፤ በክረምት ግን የታረሰውን ተዳፋት እያጠበ ወርዶ ጣና የሚደርሰው አፈር ተሸክሞ ነው። በምሥራቅ በኩል ጉማራና ርብም እንዲሁ ናቸው። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሰፋም ጥልቀቱ እጅግ ቢበዛ 15 ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ማዕበሉ የተኛውን ደለል ይቀሰቅሰዋል። የማጣሪያው ቀዳዳዎች በአብዛኛው ከአንድ ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ፣ ያነሱ ናቸው፤ ባክቴሪያን የሚያግዱትም በዚህ ጥበታቸው ነው። የሸክላ አፈር ብናኝ ደግሞ ከ2 ማይክሮን በታች በመሆኑ እዚያው ቀዳዳ አፍ ላይ ተሰክቶ ይቀራል። ማጣሪያው የተደፈነው እንግዲህ ሥራውን ሲሠራ ነው።

«ማንኛውንም ውኃ ያጠራል፤ በዓመት አንዴ ብታጥቢው ይበቃዋል» ብሎ የሸጠልኝ ሰው ዛሬ ፊቴ ቢቆም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ወንድሜ፣ ይህን ዕቃ በክረምት የጣና ውኃ ሞልተህበት ታውቃለህ? «የቧንቧ ውኃ ላይ ሞክረነዋል» ቢለኝ፣ ከሐይቅ የሚቀዳው ሰው ነው አብልጦ የሚፈልገው ብዬ እመልስለታለሁ። «በየጊዜው በብሩሽ እሺው» ይለኝ ይሆናል፤ በየሦስት ቀኑ አሽቼዋለሁ። በዚህም ምክንያት ሸክላው ራሱ ከጭቃው ጋር እየተፋቀ አለቀ። ጳጉሜን ላይ ዙሪያውን በክር ስለካው፣ ብሩሽ የማይደርስበት ከታች ማሰሪያው ሥር ያለው ክፍል እንደ ወፈረ ሲሆን መካከሉ ግን ሳስቷል። ከዚህ በላይ ሳስቶ ወይም ተሰንጥቆ ያልጠራ ውኃ ቢያሳልፍ በዓይን አይታወቅም፤ እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ነው። መለዋወጫ ሸክላ ለብቻው ፍለጋ ሦስት ሱቅ ብዞር ሁሉም «ሙሉውን ግዢ» አሉኝ።

አሁን ውኃውን በሌላ ባልዲ አሳድሬ፣ ላይ ላዩን ቀድቼ በአራት የታጠፈ ነጠላ ካሳለፍኩት በኋላ ነው ወደ ማጣሪያው የምጨምረው። ከባዱ ደለል ይዘቅጣል፤ የደቀቀው ግን አንድ ሌሊት አይበቃውም፤ ቢሆንም እጥበቱ ከሦስት ቀን ወደ ስምንት ቀን ተራዝሞልኛል። ቫይረስ ከቀዳዳዎቹ ስለሚያንስና ሊያልፍ ስለሚችል ለትንሿ ልጄ የተጣራውን መልሼ አፈላለሁ፤ ይህንንም የነገረኝ ሻጭ አልነበረም።

ያም ሆኖ በመግዛቴ አልጸጸትም። ሳህኑ ላይ የወረደውን ጭቃ ካየሁ ወዲህ፣ ስንት ክረምት እንዲሁ ስንጠጣው እንደ ኖርን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ትናንት ጎረቤታችን እትዬ ለልጅ ልጆቻቸው ሊገዙ አስበው ሲጠይቁኝም፣ «ይግዙት፤ መለዋወጫ ሸክላውን አብረው ካልሸጡልዎ ግን ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ» አልኳቸው።