ካሜራ ልከራይ ወይስ ማይክና መብራት ላይ ላውጣ?
ትንሽ ብር ይዞ ፊልም ለሚሰራ ሰው ጭንቀቱ ይሄ ነው፣ እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። መጀመሪያ ብሩ በሙሉ ካሜራ ኪራይ ላይ አለቀ፣ ምስሉ እውነት ለመናገር ያምራል፣ ኋላው ድብዝዝ ሲል ልብ ይሰርቃል፣ ግን ድምፁን በራሱ በካሜራው ማይክ ቀዳነውና ኤዲት ላይ ስንቀመጥ የልጅቷ ሹክሹክታ በፍሪጅ ጩኸትና በሚያልፍ ባጃጅ ተውጧል፣ ደብ ብናደርገው (ድምፁን በኋላ ለብቻ ቀድተን ብንለጥፍበት) ደግሞ ከንፈሯ ሌላ ድምፁ ሌላ።

ሁለተኛውን በስልክ ቀረፅነው። በሰከንድ 24 ፍሬም (ምስል)፣ ኤክስፖዠሩ (የምስሉ የብርሃን መጠን) በራሱ እንዳይቀያየር የተቆለፈ፣ ሸተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ፣ የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በዚህ ሸተር የአምፖሉ ብርሃን ቪዲዮ ላይ ብልጭ ድርግም አይልም። ቡም ማይኩን (ረጅም ዘንግ ላይ የሚታሰር ማይክ) ከተዋናዮቹ ራስ በላይ ልክ ከምስሉ ጠርዝ ውጪ አንጠልጥለን፣ ፀሀዩ እንዳይከር መስኮቱ ላይ ነጠላ ጋርደን፣ ፍሪጁን ነቅለን (የቤቱን ቁልፍ እዛው ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፣ አለበለዚያ መልሳችሁ ሳትሰኩት ትሄዳላችሁ)። ያዩት ሰዎች በስልክ መሆኑን አላወቁም።

ማታ ውጪ ላይ ግን ስልክ ዋጋ የለውም፣ ጥቁሩ ሁሉ አሸዋ አሸዋ ይላል። ስለዚህ ታሪኩ ቤት ውስጥ ወሬ የሚበዛበት ከሆነ ያለማመንታት ማይክ፣ የማታ ሲን ካለ ሁሉንም አንድ ላይ ሰብስባችሁ ለአንድ ቀን ብቻ ካሜራ ተከራዩ።